ግራ የገባው ጠመንጃ

ነይ ሮዌና፣ ነይ እዚህ ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጪ የኔ ልጅ። ካፖርትሽን አውልቂና ወንበሩ ላይ ዘርጊው። ይሄ ዝናብ ጠዋት ከክሊ ኮረብታ ላይ ሲነሣ አይቼው "እስከ ምሳ ይቆማል" ብዬ ነበር... ቆመ? አልቆመም። ሻይሽን በወተት ነው አይደል? ኬኩን እኔ ነኝ የጋገርኩት። መሃሉ ትንሽ ሰመጥ ብሏል፤ ጃሙ ግን ከጓሮዬ እንጆሪ ነው። ብዪ፣ አትፈሪው። ዛሬ የደከመ ሰው ቢኖር አንቺ ነሽ።

ሠላሳ አንድ! ከሃምሳ የሸክላ ዒላማ ሠላሳ አንዱን አየር ላይ ዱቄት አደረግሽው! እኔ እዚህ ክለብ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነጥብ መዝግቤያለሁ። ሰው "ልቀቅ!" ሲል ቁልፉን እጫናለሁ፣ ሸክላው ከማሽኑ እየተሽከረከረ ይወጣል፣ መታ ወይ ሳተ ብዬ እጽፋለሁ። በሰባት ወር ልምምድ እንዲህ የመታ ሰው አላየሁም ስልሽ። ያውም በዚያ ጠመንጃ! አየሁሽ እኮ፣ በተኮስሽ ቁጥር ጉንጭሽን ስታሺ። እስቲ ወደዚህ ዙሪ... ውይ! ቲማቲም መስሎልሻል። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አታውቂም። እንዴት ታውቂያለሽ፤ አንቺ የዋህ ነሽ፣ የሚመክርሽም ሰው ነበረሽ።

ምክር ጥሩ ነገር ነው... አይደል?

ማን? እዚያ ጥግ ላይ? ተያቸው ሰውየውን፤ ዳቦ በአሳማ ጥብሳቸውን ይዘው ጋዜጣ እያነበቡ ነው። ዛሬ ሰው እንዳያነጋግራቸው ፈልገው መሰለኝ ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡት። እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። ስም አልጠራም። ስም መጥራት አልወድም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ኤኒድ፣ አንቺ ሰው ስታሚ እንኳ ጨዋ ነሽ" ይለኝ ነበር።

እና ያ የማወራልሽ ሰው... እንዴት ያሉ የደስ ደስ ያላቸው መሰሉሽ! አለባበሳቸውን ብታዪ! የሱፍ ኮፍያ ከነላባው፣ ቢጫ መነጽር፣ ሰባት ኪስ ያለው ሰደርያ። ፎቶ አንሥቶ መጽሔት ላይ ማውጣት ነው። እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ጠመንጃውን ሲደግኑ... አቤት አቋቋም! እኔማ ሁልጊዜ የምለው፣ ምነው እዚያው ላይ ቢያቆሙት! ተኩሱ እኮ ነው የሚያበላሸው።

ርኅራኄያቸውስ! ሰው ተኳሽ ሲባል ጨካኝ ይመስለዋል። እሳቸው ግን የሸክላ ነፍስ ማጥፋት እንኳ አይሆንላቸውም። ሸክላው በፊታቸው ያልፋል፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ሄዶ ሣሩ ላይ በሰላም ያርፋል። ሰኞ ሰኞ ለቅመን መልሰን እንወረውረዋለን። አንዷን ሸክላ አውቃታለሁ፣ ጠርዟ ላይ ቀለሟ የለቀቀ። ከፋሲካ ጀምሮ እሳቸው እየተኮሱባት ይኸው እስከ ዛሬ አለች። በቅርቡ ጡረታ እናወጣታለን።

ደግሞ እሳቸው እንዲሁ አይስቱም፤ በምክንያት ነው የሚስቱት። አንድ ቀን ነፋስ ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ... ሳቂ እንጂ፣ ምን ይይዝሻል... "ልቀቅ ስል በግ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለብኝ" አሉ። መዝገቡ ላይ ይጻፍልኝ ብለው ድርቅ አሉ! ጻፍኩላቸዋ። "ሰባተኛ፣ ሳተ፣ በግ" ይላል፤ ከፈለግሽ አሳይሻለሁ። ውሻቸውም ብልህ ናት። የሌላው ሰው ውሻ ተኩስ ሲሰማ መኪና ሥር ይገባል። እሷ ግን ብንፈቅድላት ኖሮ ሄዳ ዒላማው ሥር ነበር የምትተኛው። ጌታዋ ሲተኩሱ ከዚያ የበለጠ ደህና ቦታ የት አለ?

በምክር ግን አንደኛ ናቸው። አንቺ ሚያዝያ ላይ "የራሴን ጠመንጃ ልገዛ ነው፣ አዲሱን አልችለውም፣ ያገለገለ ባገኝ" ስትዪ ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው ማን ነበር? እኔ ምን አውቃለሁ... አንድ ሰው ነዋ። "ብቻሽን አትሂጂ" አሉሽ። እውነታቸውን ነው። ብቻሽን ብትሄጂ ማን ያታልልሽ ነበር?

ሉድሎ ከተማ ውስጥ ያለው ጠመንጃ ሻጭ፣ ሚስተር ታቨርነር፣ የባሌ የአክስት ልጅ መሆኑን ታውቂ ነበር? አታውቂም። ያ የማወራልሽ ሰውም አያውቁም ነበር... እስከ አሁን። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ታቨርነር ክንዴን ያዘና "ኤኒድ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል" አለኝ። መኪናው ውስጥ አስገብቼ አንድ በአንድ አስለፈለፍኩት።

ሁለት ጠመንጃ ነበር ያወጣላችሁ። ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ እላይና እታች የተደራረበ። አንደኛው ያ አሁን የያዝሽው ነው፤ ከባድ፣ ሰደፉ የተጫጫረ፣ ወፍጮ ቤት የከረመ የሚመስል። ሌላውንስ ታስታውሺዋለሽ? እንጨቱ የሻይ ቀለም ያለው፣ ጎኑ ላይ ቆቅ የተቀረጸበት? እሱን ትከሻሽ ላይ ስታሳርፊው "ውይ፣ ልክ ቤቱ የገባ መሰለኝ" ብለሽ ሳቅሽ አሉ። ታቨርነር ያንን ሳቅ አልረሳውም።

ምክሩ የመጣው ያኔ ነው። ያ ሰው ጠመንጃውን ከእጅሽ ተቀበሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ አዩት፣ ከታች አዩት፣ ኋላም አሸተቱት አሉ... "አይ ሮዌና፣ ይሄስ ይቅርብሽ። ሰደፉ ጠሟል። ዝናብ ላይ ያደረ እንጨት ነው። ያኛውን ውሰጂ፣ ያኛው ቀጥ ያለ ነው።" ታቨርነር ሊናገር አፉን ቢከፍት "አንተ ሻጭ ነህ፣ ዝም በል፤ ልጅቷ አማካሪ አላት" አሉት። ታቨርነርን ደግሞ እናውቀዋለን፤ ዝም በል ካሉት እስከ ገና ድረስ ዝም የሚል ሰው ነው።

እና... ጠሞ ነበር? ጠሞ ነበር! ሰው በውሸት አልከስም። ግን ለምን ጠመመ? ሮዌና የኔ ልጅ፣ በየትኛው እጅሽ ነው የምትጽፊው? ጠመንጃስ በየትኛው ትከሻሽ ነው የምትይዢው? በግራ! የዚያ ጠመንጃ የቀድሞ ባለቤት በቢሾፕስ ካስል ከተማ የታወቁ የከብት ሐኪም ነበሩ፤ እሳቸውም እንዳንቺው ግራኝ። ባለሙያ ዘንድ ወስደው፣ በግራ ትከሻ ለሚተኩስ ሰው እንዲመች ሰደፉን ትንሽ አስጎነበሱት። ዝናብ አይደለም ያጎበጠው፤ ሆን ተብሎ፣ ለእንዳንቺ ዓይነት ሰው ነው። አሁን የያዝሽው ግን ለቀኝ ሰው የተሠራ ነው። ለዚህ ነው በተኮስሽ ቁጥር በጥፊ የሚልሽ።

ምነው ሻዩን አስቀመጥሽው? ጠጪ። ገና አልጨረስኩም።

አንቺ የተጫጫረውን ይዘሽ፣ ለምክሩ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለሽ፣ ኋላም አንድ ጠርሙስ ወይን ገዝተሽ ቤታቸው ድረስ አድርሰሻል። አድርሰሻል አይደል? ጥሩው ወይን የት እንደሚሸጥ የነገርኩሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ። አንቺ ከሱቁ ከወጣሽ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። የበሩ ደወል ጮኸ። ማን ገባ? ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ! ላባ ያለው ኮፍያ ገባ አሉ፤ ከኮፍያው ሥር ሰው ነበር። "ያ ጠማማ ጠመንጃ አለ?" "አለ።" "አሳዘነኝ... እኔ ልውሰደው።" አየሽልኝ ይሄን የመሰለ ልብ? ጠመንጃ እንኳ የሚያሳዝናቸው ሰው! ታቨርነር እንደ ምንም ብሎ "ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ለግራ..." ሲል "ግራ ቀኙን እኔ አውቃለሁ!" ብለው ተቆጡት። ይኸው ነው። ዓይናቸው ያረፈበት ነገር መቼም አያመልጣቸውም... ሸክላ ካልሆነ በቀር።

ታዲያ ዛሬ አንቺ የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነበርሽ። ጨርሰሽ ጉንጭሽን በቀዝቃዛ ውኃ ልትነክሪ ስትሄጂ የመጨረሻው ምድብ ገባ። አዲስ የቆዳ ማኅደር ተከፈተ። ከውስጡ ማን ብቅ አለች? ቆቋ! ላየው ሁሉ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? "ከአያቴ የወረስኩት ነው።" እኔም በልቤ፣ አያታቸው የከብት ሐኪም ነበሩ እንዴ? አልኩ።

"ልቀቅ!" አሉ። ቁልፉን ተጫንኩ። ሸክላው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ጥይቱ ወደ ግራ ሄደ። ተጣልተው የተለያዩ ነው የሚመስሉት። ሁለተኛው እንዲሁ። ሦስተኛው እንዲሁ። ጠመንጃው ግራ፣ ሰውየው ቀኝ... ምን ያድርጉ፣ ግራ ገባቸው! አሥረኛው ላይ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ አዞሩ። ሃያኛው ላይ መነጽራቸውን ጠረጉ። ሠላሳኛው ላይ "ቶሎ ትጫኚያለሽ!" ብለው እኔን ተቆጡ። ዘገየሁላቸው። "ዘገየሽ!" አሉ። በመጨረሻ ከሃምሳው ስንት መቱ? አልነግርሽም፤ ሰው ማሳፈር አልወድም። የአንድ እጅ ጣት ይበቃል... ያውም አውራ ጣት ሳይቆጠር። አንዷ ሸክላማ ከማሽኑ ስትወጣ ተሰንጥቃ ነበር መሰለኝ፣ ግን ጻፍኩላቸው። በእርጅናዬ እጄ ለጋስ ሆኗል።

ወዴት ነሽ? ተቀመጪ! ፊትሽ ሁለቱም በኩል ቀላ እኮ። አትጩሂ፤ እኔ እስካሁን ጮኼያለሁ? ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ ከሆነ ለዝናቡ ነው። ስሚኝ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሄርፎርድ ክለብ ጋር ግጥሚያ አለን። ስድስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ወስደውብናል። ዛሬ የቡድኑ አለቃ የነጥብ መዝገቡን አይቶ ምን አለኝ መሰለሽ? "ሮዌናን እናሰልፋታለን፤ ግን በዚያ ጠመንጃ መቶ ሸክላ ብትተኩስ ፊቷ ይተርፋል?" አለ። እኔም ጠመንጃ እንኳ የሚያሳዝናቸው ሰው እያሉ፣ አንቺስ አታሳዝኚያቸውም ወይ ብዬ ተገረምኩ። ያ የማወራልሽ ሰው ቢሰሙ ኖሮ መቼም ዝም አይሉም ነበር። እንዲያ ያለ ርኅሩኅ! ሁለቱ ጠመንጃዎች ቦታ ቢለዋወጡ ማን ይጎዳል? አንቺ ጉንጭሽ ይድናል። እሳቸውም... እሳቸው ቢያንስ የሚስቱት በገዛ እጃቸው ይሆናል።

ውይ! ጥግ ላይ ያሉት ጋዜጣቸውን አጠፉ። ተነሡ። ማኅደራቸውንም አነሡ... ወደዚህ ናቸው። ፈገግ በዪ፣ ፈገግ!

እንደምን ዋሉ ጌታዬ! ኬክ ልቁረስልዎ? ኧረ ስለ እርስዎ አይደለም! ስለ ሌላ ሰው ነው የምንጫወተው፤ እርስዎ አያውቋቸውም። ምን አሉ? ይሄን? ለሮዌና? "ይስማማት እንደሆን ትሞክረው"? ሰማሽ ሮዌና? የእሷን እርስዎ ሊወስዱ? ፀጉሬ ነው የቆመው! ከአያት የተወረሰ ዕቃ እንዲህ በአንዴ! አያትዎ ግን ቅር አይላቸውም? ይሁን፤ ወረቀቱን ነገ ታቨርነር ያስተካክለዋል፣ ለፖሊስም ያሳውቃል። ሮዌና፣ ያ የማወራልሽ ሰው ከእኚህ ደግ ሰው ጥቂት ቢማሩ ምን ነበረበት?

ውሰጂው የኔ ልጅ። መጀመሪያ ክፈቺው፤ ባዶ ነው? ባዶ ነው። በረንዳው ላይ ውጪና ወደ ሜዳው ዞረሽ ትከሻሽ ላይ አሳርፊው። ቀስ በይ... እንዲያ! ጉንጭሽ ገባ አይደል? አላልኩሽም? ቆቋም የሳቀች መሰለኝ። ምነው፣ ምን ያስለቅስሻል? እኔንም ልታስለቅሺኝ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲስት ብቻ ጽፌ ጽፌ እንዲህ ቦታውን ያገኘ ነገር ሳይ ሆዴ ይባባል። ያኛውን አምጪው፣ ለእኚህ ሰው ልስጣቸው። ይያዙ ጌታዬ፤ ትንሽ ከበድ ይላል፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። እርስዎ ቀጥ ያለ ነገር ይወዳሉ።

ሊሄዱ ነው? ሳይመረቁማ አይሄዱም! ሮዌና፣ ነይ ከጎኔ ቁሚ፣ አሜን ትያለሽ። እርስዎም ኮፍያዎን ያውልቁ። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ቤትዎን ሰላም፣ ጉልበትዎን ብርቱ ያድርግልዎ። ያን ያህል ርቀት ጀርባዎን ሰጥተው ተቀምጠው፣ በጋዜጣ ተከልለው፣ ከአሮጊት ወሬ አንዲት ቃል እንኳ አላመለጠችዎትም... ጌታዬ፣ እሱ ሁሉን ቻይ ነውና፣ ዓይንዎን እንደ ጆሮዎ ያድርግልዎ!