የዳለቻ በቅሎ እንከን

በእኛ ጊዜ ሰው ንብረቱን ከመሸጡ በፊት የሚያሻሽጥለትን ሰው ነበር የሚመርጠው። አዎ፣ ሰውየውን! አንተ አሁን ወፍጮህን በጨረታ ልሽጥ ብለህ ሦስት አጫራች ቤት ሦስት ወረቀት ሰጥተውህ፣ ከትናንት ጀምሮ እሱን እያገላበጥክ ትብሰለሰላለህ። «አክስቴ፣ የትኛው ይሻላል?» ትለኛለህ። አየሁትኮ ወረቀቱን፤ ሁሉም «ንብረትዎን በጥሩ ዋጋ» ነው የሚለው። በመጥፎ ዋጋ እሸጥልሃለሁ የሚል አጫራች አይተህ ታውቃለህ? በል ተቀመጥና ልንገርህ። አንቺም ያንን ቴሌቪዥን ቀነስ አድርጊው፣ እናቴ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እኔ ከባሌ ተፋትቼ አንኮበር አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። አያትህን አላወቅካቸውም፤ ቄስ ነበሩ፣ የስንቱ ቤት የነፍስ አባት፣ ስማቸው ሲጠራ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ የሚልላቸው። ያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ አረፉ። ወንድሜ ተሰማ፣ ያንተው አባት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ሜዳ ነው ያለው። ታዲያ የእሱ የእርሻ ድርሻ በእኔ እጅ ነበር፤ የጎረቤታችን የአያ ወልዴ ልጅ በእኛ ጥማድ ያርስልኛል፣ እና ይኸው ክረምቱ ሊገባ ሲል አንደኛው በሬ ገደል ገብቶ ሞተ። አንኮበር እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ከብት አንዴ እግሩ ከከዳው ቆላ ነው የምታገኘው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣ። «እትዬ ደብሪቱ፣» አለኝ፣ «ዝናቡ ሳይጠና ያልታረሰ መሬት ለሌላ ይሰጣል፤ መመሪያ ነው።»

«ወንድሜ እኮ ዘማች ነው!» ስለው፣

«መሬት ዘማች አያውቅም፤ መሬት የሚያውቀው ያረሰውን ነው» አለኝና ሄደ።

ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ወንድሜ ከዚያ እሳት ውስጥ ቢወጣ ምን ላይ ይቆማል? ምን ብዬ ነው የምነግረው? ቤቴን ዞሬ ባየው ያለችኝ አንዲት ነገር የአባቴ በቅሎ ናት። ዳለቻ ነው የምንላት፣ በአመድማ መልኳ። እሷን ሸጬ በሬ ልገዛ ቆረጥኩ። እና ልክ እንዳንተ፣ የት ልሽጣት? በማን ልሽጣት?

አያ ወልዴ ነገር የገባቸው ሽማግሌ ናቸው። «አልዩ አምባ ውረጂ፣» አሉኝ፣ «ሐጂ እድሪስ ሐራጅ ያወጣልሻል።» እኔ ደግሞ ያኔ ጅል ነበርኩ፣ «የቄስ በቅሎ ቆላ ወርዳ በሐጂ እጅ ትሸጥ?» ብዬ አኮረፍኩ። ሌሎቹ «ደብረ ብርሃን አፈ ማር የሚሉት ሐራጅ ባይ አለ፣ እሱ የጮኸበት ዕቃ ቤቱ አይመለስም» አሉኝ። ስሙ ራሱ ደስ አለኝና ወደዚያው።

አፈ ማር አንዲት ነገር አልጠየቀኝም። እንከኗን አላለ፣ ዕድሜዋን አላለ፤ «የቄስ አባቴ ናት» ስለው ልጓሟን ተቀበለኝና በርሜል ላይ ወጣ። «ያገሬ ሰው!» አለ፣ «ቄስ ሲቀመጡባት የኖረች በቅሎ! ስትሰግር ጀርባዋ ላይ በብርጭቆ ውኃ ቢያስቀምጡ ጠብ የማታደርግ! ጠባይዋ የሙሽራ!» እኔ ራሴ በቅሎዬን እንዳዲስ አየኋት። ታዲያ ሰው ተሻማባት፣ እና መጨረሻ ላይ አንድ ካድሬ ወሰዳት። በእኛ መንገድ ላሉት ቀበሌዎች ሁሉ የተመደበ፣ ኮፍያውን ደፍቶ የሚሄድ ጎረምሳ ነው።

በሦስተኛው ቀን ካድሬው በእግሩ ሆኖ ዳለቻን እየጎተተ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ጓዲት!» አለኝ፣ «ምን ዓይነት በቅሎ ነው የሸጥሽልኝ?»

«ምን ሆነች ጌታዬ?»

«ጌታዬ አትበይኝ! ከደብረ ብርሃን እዚህ ድረስ ያልቆመችበት ጠላ ቤት የለም! ብገርፋት አትነቃነቅ፣ ብወርድ አትሳብ። ባለጠላዎቹ ደግሞ ኮቴዋን ሲሰሙ እየሳቁ ብቅ ይሉና እኔን ሲያዩ ወደ ጓዳ ይሮጣሉ። ስብሰባ ላይ አርፍጄ ብደርስ ገበሬው ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጓድ፣ ዘንድሮ ጠላው እንዴት ነው?› አለኝ! ይቺ በቅሎ አድኃሪ ናት!»

ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ውስጤ አልሳቀም፣ አፍሬያለሁ። የዳለቻን ነገር አውቀው ነበራ! አባባ መንገድ ውለው ሲመጡ ጠላ ጠላ ይሸታሉ። «አባባ፣ ቄስ ሆነው!» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «መንገድ ነው ልጄ፣ መንገድ ነው» ብለው ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። ሰው ፊት ግን ይህን ነገር አንስቼ አላውቅም። አሁን በቅሎዋ በየመንገዱ አወራችባቸው። የካድሬው ሽጉጥ ወገቡ ላይ ነውና ብሩን መለስኩለት፤ አፈ ማር ዘንድ ብሄድ «እኔ የሸጥኩት በቅሎ ነው፤ ጠባይ አልሸጥኩም» ብሎኝ የድካሙን ዋጋ ይዞ ቀረ።

ዝናቡ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ማጉረምረም ጀምሯል። አያ ወልዴ መጡ። ስቀው አልጨረሱም። «እኔ ምን ብዬሽ ነበር?» አሉኝ። እና በማግስቱ አኩርፌም ቢሆን ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ሐጂ እድሪስ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ ገበያው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው። ዳለቻን ዞረው ዞረው አዩዋትና፣

«እንከኗ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«እንከን የላትም።»

«እንከን የሌለው አላህ ብቻ ነው፣ ልጄ። እኔ እንከኑን ሳልናገር አልሸጥም፤ ሐራም ነው። ለእኔ ሐራም የሆነው ላንቺም ጽድቅ አይሆንሽም።»

እስቲ አስበው! አንዱ ሳይጠይቀኝ ሸጦ ጉድ አደረገኝ፣ ሌላው ካልተናገርሽ አልሸጥም ይለኛል። «ትራገጣለች» አልኩ፣ ምን ላድርግ። ሐጂ ተነሡ፣ ከኋላዋ ዞሩ፣ ጭኗን ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ ጭራዋን ሳብ አደረጉ። ያቺ ከይሲ እንደ በግ ግልገል ቆማ ጆሮዋን ትጥላለች!

«ይቺ አትራገጥም፣» አሉኝ፣ «ሂጂና ጥላ ሥር ተቀመጪ። እውነቱ ሲመጣልሽ ነይ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። ብናገር የአባቴን ስም ገበያ ላወጣው ነው፤ ያውም ከሞቱ ዓመት ሳይሞላቸው፣ አፈሩ ሳይደርቅ። ዝም ብል የወንድሜ መሬት ሄደ። የሞተውን ላክብር ወይስ በሕይወት ያለውን ላትርፍ? አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ኋላ «አባባ ይቅር ይበሉኝ፣ ቢኖሩ እሳቸውም ተሰማን አትርፊ ነበር የሚሉኝ» ብዬ ተነሣሁና ለሐጂ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

እሳቸው አልሳቁም። «በይ ራስሽ ተናገሪ፣» አሉኝ፣ «አባትሽ ናቸው፤ በእኔ አፍ አይሆንም።»

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ገበያተኛው ሁሉ አንጋጦ ያየኛል። «ይቺ በቅሎ፣» አልኩ፣ «የአባቴ የቄሱ ናት። አባቴ… አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ጠላ ይወዱ ነበር። በየጠላ ቤቱ እየቆመች ለምዳለች። እንከኗ ይኸው ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ይሄኔ ከበርበሬ ሻጮቹ መኻል አንዲት ሴትዮ ብድግ አለች። ዘሀራ ትባላለች።

«ቆይ እስቲ፣» አለች፣ «እኔ ደጅም ትቆማለች እኮ! እኔ ዘንድ ጠላ አለ እንዴ?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። መጣችና እጄን ያዘችኝ። «የልጄን ደብዳቤ ነበር የሚያነቡልኝ፣» አለችኝ፣ «እሱም እንደ ወንድምሽ ጦር ሜዳ ነው። ለቀበሌ ሰው ሰጥቼ አላስነብብ፣ የቤቴን ጉድ እንዴት አውጥቼ? አባትሽ ቁልቁለቱን በወረዱ ቁጥር ደጄ ላይ ቆመው ያነቡልኛል፣ መልሱንም ይጽፉልኛል። አንዲት ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። እነዚያም ባለጠላዎች እኮ ልጅ የላኩ እናቶች ናቸው፤ ምን መስሎሽ ነው?»

ያኔ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስቆጣቸው፣ «መንገድ ነው ልጄ» ሲሉኝ! ለእኔ ለልጃቸው እንኳ አልነገሩኝም። የሰው ምስጢር ነዋ። ለካ ሴቶቹ ካድሬውን ሲያዩ ወደ ጓዳ የሮጡት ደብዳቤያቸውን ሊሸሽጉ ኖሯል። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ፣ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ።

ዘሀራ ቀጠለችና «ከሞቱ ወዲህ ሁለት መጥተዋል፣» አለች፤ ከብብቷ ሁለት ፖስታ አወጣች፣ ሳይቀደዱ፣ በላብ ወይበዋል። «የሚያነብልኝ አጥቼ ይዣቸው እዞራለሁ። ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም።»

እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ማንበብ ብሎ ነገር አይባልም እንጂ እየተንገዳገድኩ እሄዳለሁ። «አምጪው» አልኩና ወደ ዳር ወሰድኳት። ሐጂም «ሐራጁ ይቆይ!» አሉ። «ለውድ እናቴ… ለጤናሽ እንደምን አለሽ… እኔ አልሐምዱሊላህ… ደህና ነኝ…» ሌላውን አልነግርህም፣ የእሷ ነው። «ደህና ነኝ» የሚለውን ግን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ያቺ ሴትዮ መሬት ስማ ተነሣች።

ታዲያ ተመልሰን ስንመጣ ሐጂ ድንጋዩ ላይ ወጥተው ጀመሩ። «በቅሎዋ ጤነኛ ናት፤ እንከኗን ሰምታችኋል፤ በየደጁ ትቆማለች። ማን ይጀምራል?» አንዱ ዋጋ ጠራ፣ ሌላው ጨመረ። ከኋላ ደግሞ አንድ አጭር ሰው እየተጋፋ መጣ፤ ጥጥና ጨው ጭኖ ከመንደር መንደር የሚያዞር ነጋዴ ነው።

«ሐጂ!» አለ፣ «በየደጁ ትቆማለች አይደል ያላችሁት?»

«ትቆማለች።»

«ሳይነግሯት?»

«ሳይነግሯት።»

«ወላሂ እኔ በየደጁ ‹ቁሚ! ቁሚ!› ስል ጉሮሮዬ ሊበጠስ ነው! ይቺን ለእኔ ነው የፈጠራት!» ብሎ ሌላው ሊደርስበት የማይችለውን ዋጋ ጠራ። ካድሬው ከሰጠው በላይ። እዚያው ገበያ ላይ ሐጂ ራሳቸው በሬ መረጡልኝ፣ የበሬውንም እንከን ነግረው፤ ግራ ካልጠመዱት አይሄድም። በሳምንቱ መሬቱ ታርሶ ነበር። ሊቀ መንበሩ ማሳው ዳር ቆሞ አየና ኮፍያውን አስተካክሎ አለፈ። አባትህም እግሩ ተጎድቶም ቢሆን መጣ፣ መሬቱንም አገኘው፤ ቀሪውን አንተው ታውቀዋለህ።

እና አየህ፣ አፈ ማር ላገኘው ሰው ሸጠልኝ፣ ሐጂ ግን ለሚፈልጋት ሰው ሸጡልኝ። ነገ ሦስቱም ቤት ሂድ። «የወፍጮህ ችግር ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅህ ካገኘህ ለእሱ ስጠው። ለማይጠይቅህ ግን ሻዩን ጠጥተህለት ውጣ።

«እሺ አክስቴ፤ ቆይ ግን አያቴ ጠላ አይጠጡም ነበር ማለት ነው?»

ኧረ ይጠጡ ነበር! ምን አስዋሸኝ? ያን ሁሉ የእናት ደብዳቤ በደረቅ ጉሮሮ ማን ያነባል? ሂ ሂ ሂ!