ብር ነው የተባለው የማኪና ጌጥ

ጎንደር ከተማ እኔ ያልፈታሁት ማኪና ካለ ገና ያልተሠራ ነው። አንድ ቀን አንድ ቀኛዝማች ማኪናቸውን ጋራዤ አመጡ። በማግስቱ ሙሽራ ልጃቸውን ወደ ማክሰኝት ሊሸኙባት ነው፤ የፊቷ የፕላስቲክ ጌጥ የተለበጠበት፣ ብር የሚመስለው ክሮም ግን እንደ ሽንኩርት ተልጧል። «ሸጋ አድርግልኝ» አሉ። ክሮሙ ካልለቀቀ ቀለም አይይዝም፤ ጌጡን ፈትቼ የባትሪ አሲድ ውስጥ ነከርኩት። ብልጭልጩ ሟሙቶ ከሥሩ መዳብ ብቅ ሲል ቀኛዝማቹ ደረሱ።

«አንተ ሌባ! ብሬን ወስደህ መዳብ ተካህልኝ?» ከዘራቸው ሲነሣ የፋሲል ግንብ ጎንበስ ያለ መሰለኝ። «ጌታዬ፣ ዱላው ይቆይ» ብዬ መዳቡንም ፍቄ ጥቁሩን ፕላስቲክ አሳየኋቸው። በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ምነው! ይኸ የማበጠሪያ ዘመድ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ጌታዬ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጥሩ ብር ነው ብዬ ለአማቾቼ ስፎክር ከርሜ! ነገ ምን ልበል?»

«ብሩን አስቀልጬ ልጄ እግሯ ላይ ያሰረችውን አልቦ አሠራሁበት ይበሏቸው።»

ጌጡን ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ማክሰኝት ላይ ሰው ሁሉ ማኪናዋን ትቶ የሙሽራዋን እግር ሲያይ፣ አባቷንም ሲያመሰግን ዋለ። ማኪና ገፍፎ ሙሽራ ያስጌጠ መካኒክ ከእኔ ሌላ ካለ፣ እስቲ ይምጣ!