ጀርባዬን ብቻ ያወጣው ጋዜጠኛ

ከሶዶ ወደ በዴሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ካሜራ ያነገተውን ሰውዬ ለዩት።

"የመብት ሰልፋችንን ጋዜጣ ላይ ያወጣኸው አንተ አይደለህ?"

"ነኝ፣ ጋሼ።"

"መፈክር ይዤ ከፊት ነበርኩ እኮ! ጀርባዬን ታወጣለህ?"

"ጀርባዎ ያምራላ!"

"አትቀልድ! ሚስቴ 'ይሄ የማንም ጀርባ ነው፤ አንተ ጠጅ ቤት ነበርክ' አለችኝ። ፊት ማንሳት አልተማርክም?"

"ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ፊት ነበር የማነሳው።"

"እና?"

"ፖሊሶች ያነሳሁትን ፎቶ ይዘው ሰዎቹን ከየቤታቸው ለቀሟቸው። ከዚያ ወዲህ ሰልፈኛ የማነሳው ከኋላ ነው።"

ጋሼ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

"በል እንካ ስልኬን፤ ደውልና ጀርባው የኔ መሆኑን ለሚስቴ ንገርልኝ።"

እኔም ከኋላዬ የሰው ፊት የሞላበትን፣ ሶዶ ውስጥ ስኩራራበት የከረምኩትን የሰልፍ ሴልፊዬን ቀስ ብዬ ከስልኬ አጠፋሁ።