ያደረ ሲሚንቶ

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ፣ ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣው የጭነት መኪና መንዝ ውስጥ ሞላሌ ከተማ ላይ ጎማው ፈነዳ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ አዲስ አበባ የሕንፃ ሥራ የሚማረው ኃይለ ኢየሱስ፣ ጎማው እስኪጠገን እግሩን ሊያፍታታ ወደ አዲሱ የትምህርት ቤት ግንባታ ጎራ አለ። እዚያ ግንበኛውን አቶ ወልደ ጻድቅን አገኛቸው።

አቶ ወልደ ጻድቅ አርባ ዓመት ሙሉ የመንዝን ድንጋይ ሲክቡ ኖረዋል። ሲሚንቶ ግን እጃቸው የገባው በዚህ ዓመት ነው። ከመስኮቱ በላይ ግንቡን የሚሸከመውን የአርማታ አግዳሚ ባለፈው ሐሙስ ጨርሰው ኮርተውበታል። የበሩ አግዳሚ ቀርቷቸዋል።

ወጣቱ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ "አባቴ፣ ይህ በጆንያ የተሸፈነው ምንድን ነው?" አለ።

"ትናንት ማታ የተቦካ ሲሚንቶ ነው። እንዲብላላ አሳደርኩት፤ አሁን እናፈሰዋለን።"

"እንዲብላላ?"

"ጭቃ ሳያድር ይለጠፋል እንዴ ልጄ? ይህማ ከጭቃ ስለሚበልጥ ጠዋት ጠጠር ይላል፤ ውሃ ጨምረን እንረግጠዋለን። ኃይለኛ ነው፤ የረጋጮቹን እግር ልጦታል።"

"አይቆጡኝና፣ ሲሚንቶ ሲያድር ይሞታል። እንደተቦካ ካልፈሰሰ አይጠነክርም።"

"ማን አለ?"

"አስተማሪያችን።"

"ስንት ቤት ሠርቷል?"

"እንጃ፣ አልጠየቅሁትም። ግን በቃል ብቻ አላስተማረንም። ላቦራቶሪ የሚባል ቤት አለን። እዚያ በእጃችን አቡክተን እናፈሳለን፤ ሲደርቅ በመጭመቂያ መኪና እንሰብረዋለን።"

"መስበር ልትማር ነው አዲስ አበባ የወረድከው? ለመስበርማ የእኔ በሬ ያስተምርህ ነበር፤ ካብ አያስቀርም።"

ኃይለ ኢየሱስ ሳቀ። "የመጀመሪያ ሥራዬ ውሃ በዝቶበት ነበር። መምህሩ እያየ ዝም አለኝ። ሲፈረካከስ 'ይህ ጣሪያ ቢሆን ከሥሩ ማን ነበር?' ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልነበረም። ስህተቴን ሰው ሳይጎዳ አየሁት።"

አቶ ወልደ ጻድቅ ይህን የተማሩት በሌላ መንገድ ነው። በሃያ ዓመታቸው የካቡት ግድግዳ በታናሽ ወንድማቸው በቅጣው ላይ ተንዶ፣ ቅጣው ከዚያ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ መሠረት ሳያጠልቁ አንድ ድንጋይ አላስቀመጡም፤ ስለ ቅጣውም አንሥተው አያውቁም።

በመጨረሻ፣ "በወሬ አላምንህም፤ አሳየኝ" አሉ።

ወጣቱ ሁለት ባዶ ጣሳ ለመነ። አንዱን ያኔውኑ ባቦካው ሞላው፤ ሌላውን ባደረው። አቶ ወልደ ጻድቅ በምስማር በአዲሱ ላይ አንድ፣ ባደረው ላይ ሁለት ጭረት አደረጉ።

"በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ጠዋት ጠዋት ያጠጧቸው። የዛሬ ሳምንት ስመለስ እንሰብራቸዋለን" አለ። የመኪናው ጥሩምባ ጠራውና ሄደ።

አቶ ወልደ ጻድቅ የበሩን ሥራ እስከ በዓሉ ማግስት አቆዩት። ጣሳዎቹን ግን የፋሲካ ዕለት እንኳ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጠጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታገኝ፣ "ምን ዘርተው ነው እንዲህ የሚያጠጡት?" ቢሏቸው፣ "ገና አልበቀለም" አሉ።

ኃይለ ኢየሱስ ሲመለስ መዶሻውን ራሳቸው አነሡ። ባለ አንድ ጭረቱ ሲመታ ጮኸ፤ በሦስተኛው ምት ጠርዙ ብቻ ተሸረፈ። ባለ ሁለት ጭረቱ በመጀመሪያው ምት ተበተነ። ፍርካሹን በመዳፋቸው ቢያሹት እንደ በሶ ዱቄት ሆነ።

ዱቄቱን አራግፈው፣ እንደዚሁ ባደረ ሲሚንቶ ወደ ተሠራው የመስኮት አግዳሚ ቀና አሉ። መሰላል አስጠግተው ወጡ።

ከሠራተኞቹ አንዱ፣ "አባባ፣ የትምህርት ቤቱ ምርቃት እኮ ደርሷል" አለ።

"የሚሰብረው መጭመቂያ መኪና ሞላሌ የለም፤ እኔ አለሁ። ከሥሩ ዞር በሉ።"

በኩራት የሠሩትን አግዳሚ በገዛ እጃቸው አፈረሱት። ከዚያ መሰላሉ ላይ እንደቆሙ ተናገሩ፦ "ከእንግዲህ የተቦካው ሲሚንቶ ያኔውኑ ይፈሳል። በፈሰሰ ቁጥር ጣሳ ይሞላል፤ የጣሳው ተመትቶ ሳይፈተን ግንብ አይጫንበትም። ለተማሪዎቹም ከጓሮ አንድ ዳስ እንሠራለን። እዚያ ያቡኩ፣ ይሳቱ፣ ይስበሩ። እዚያ የተሳሳተ ልጅ ቤት ሲሠራ ሰው አይቀብርም። እኔ እንዲህ ያለ ዳስ አግኝቼ ቢሆን ቅጣው ዛሬ ሽማግሌ ነበር።"

የወንድማቸውን ስም ሠራተኞቹ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው።

ኃይለ ኢየሱስ አንገቱን ደፋ። "ድንጋይን ፊቱን አይቶ ማስቀመጥ ላቦራቶሪያችን አላስተማረንም፤ ይህን እርስዎ ያስተምሩኝ" አለ።

"ክረምት ና" አሉት እየወረዱ።

የወደቀው አርማታ ከመስኮቱ ሥር፣ ልጆች በሚቀመጡበት ቦታ ተከምሯል። ከሥሩ ማንም አልነበረም።