ከአዲስ አበባ ሪያድ ሦስት ሰዓት

የምስክር ቃል መቀበያ
የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ይሁኔ ንጋቱ ካሴ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የጂኦግራፊ መምህር
አድራሻ፦ ታች ጋይንት ወረዳ፣ አርብ ገበያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የተማሪ ትዝታ ተሻገር በሕገወጥ መንገድ ከአገር መውጣት

ተማሪ ትዝታን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አስተምሬያታለሁ። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። ተጠርጣሪው አበባው ልጃገረዶችን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ዛሬ አላውቀውም የሚለውም ጭምር።

ጥር 9 ቀን፣ የገበያ ዕለት፣ ከቀኑ 6፡00 ሰዓት ላይ አበባው የልጅቱን እናት ወ/ሮ ውብነሽን ይዞ ትምህርት ቤት መጣ። እናትየው ልጄን ወደማላውቀው አገር አልሰድም ብለው አስቸግረውት ኖሯል። «መምህር ከነገራቸው ያምናሉ» አለኝ። መጠየቄ ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም። ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ማስመሪያ አስቀምጬ ከአዲስ አበባ ሪያድ ያለውን ለካሁ። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት እንደሚፈጅ አስረዳኋቸው። «እንግዲያማ ከደብረ ታቦር አትርቅም» ብለው እፎይ አሉ። ደብረ ታቦር በአውቶቡስ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ አላረምኳቸውም። እኔ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ልጅቱ ፓስፖርት ይኑራት አይኑራትም አልጠየቅሁም።

ጥር 19 ቀን ሰኞ ስልኬን ላሠራ ነፋስ መውጫ ሄጄ ሳለ፣ ከጠዋቱ 5፡00 ሰዓት ላይ ትዝታን ከሌሎች አምስት ልጃገረዶች ጋር አይሱዙ ላይ ተጭና አየኋት። አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ መኪናው ግን ፊቱን ወደ ወልድያ አዙሮ ነበር የቆመው። ከወልድያ ወዲያ አፋር፣ ከአፋር ወዲያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር መሆኑን በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ። አበባውን ጠጋ ብዬ «አውሮፕላኑስ?» ስለው «አንተ ኪሎ ሜትሩን ለካህ፤ መንገዱን ለእኔ ተወው» አለኝ። ልጅቱ ከላይ ሆና «መምህር፣ እናቴን አደራ» አለችኝ። እሺ አልኳት። መኪናው ሄደ።

በዚያው ዕለት ከቀኑ 8፡30 ሰዓት ወ/ሮ ውብነሽ በጎረቤት ስልክ ደወሉልኝ። «መምህር፣ ሦስቱ ሰዓት ሞልቶ አለፈ እኮ፤ ልጄ ገባች ይሆን?» አሉኝ። ገብታለች አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ስጠየቅ፣ የነገርኳቸውን በአሥረኛው ቀን ማፍረስ አሳፍሮኝ ነው ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት የለኝም። መኪናው በዚያ ሰዓት ወልድያ አልደረሰም። ለፖሊስ ብደውል ኖሮ ልጆቹ ኬላ ላይ ይወርዱ ነበር።

መጋቢት 19 ቀን አብራት የሄደች ልጅ ከየመን ደውላ፣ ትዝታ ባሕሩ ጋ ሳይደርሱ በረሃ ላይ በውሃ ጥም መሞቷን ተናገረች። እናትየው ስንት ሰዓት ተጓዛችሁ ብለው ቢጠይቋት፣ ሰዓቱን አላውቅም፣ በእግር ብቻ ዘጠኝ ቀን አለቻቸው።

ወ/ሮ ውብነሽ አበባውን ሲከሱ ቤቴ ድረስ መጥተው ምስክር እንድሆናቸው ለምነውኛል። ዛሬም ይዘውኝ የመጡት እሳቸው ናቸው፤ አሁን በር ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው። ገብታለች ያልኳቸው አለመግባቷን እያወቅሁ መሆኑን እስካሁን አልነገርኳቸውም። ሳጅኑ እንዲነግሩልኝ ጠይቄያቸው፣ ይህ የፖሊስ ሥራ አይደለም ብለውኛል።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ። ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የተጨመረበትም የጎደለበትም የለም፤ እውነት ነው ስል ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ጥበቡ ፀጋዬ ____________