ከል የለበሰችው ሙሽራ

ጠጋ በሉማ ልጆቼ። ጥቅምት ነበር፣ ገብሱ ያሸተ ጊዜ። የልጅ ልጄ ትርንጎ ከሳጥኔ ሥር የእናቷን የሠርግ ፎቶ ፊልም፣ ገና ያልታጠበውን ሳይሆን ፎቶ የሚታተምበትን፣ አገኘች። የደበቅሁት እኔው ነኝ። ፎቶ አንሺው ያመጣልኝ ዕለት ወደ ፀሐይ አንስቼ ባየው፣ ልጄ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ቀሚሷ ከል ሆኖ ታየችኝ። ሙሽራ ጥቁር ለብሳ! ክፉ ምልክት ነው ብዬ ፈራሁና «ፊልሙ ተቃጥሏል» አልኳት። በዓመቱ ትርንጎን ወልዳ ዐረፈች። አይቼ ዝም ያልኩት ሞቷን ነው እያልኩ ስንት ዘመን አንጀቴ አረረ።

ትርንጎ ፊልሙንም እኔንም ይዛ ደብረ ታቦር ፎቶ ቤት ገባች። ሰዓዳ የምትባል ሳቂታ ልጅ ፊልሙን ኮምፒውተር ላይ ብታወጣው ያቺው ጥቁር ሙሽራ መጣች። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«እማማ፣ አሁን ይዩ» አለችኝ። አንዴ ብትነካው ቀሚሱ ነጣ፤ ፊቷ ግን ሰማያዊ ነው። «ይቆዩ፣ ደሟ እስኪመለስ» ብላ ቀለሙን ስታስተካክለው ልጄ ጠይም ሆና ሳቀችልኝ።

«ምን አደረግሽው?»

«ገለበጥኩት። ፊልም ሁሉ ነጩን አጥቁሮ ነው የሚይዘው።»

«ምልክቱስ?»

«የምን ምልክት፣ እማማ? ቀሚሷ ነጭ ስለነበረ እኮ ነው የጠቆረው!»

እፎይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ፤ ልጄ «ምነው ፎቶዬ ባልተቃጠለ» እንዳለች ነዋ የሞተችው። ሰዓዳም ሥራዋን ትታ አብራኝ አለቀሰች።

ትርንጎ አሁን ገሳይ ከተማ አግብታ ሁለት ወልዳለች፤ ፎቶው እሷ ቤት ተሰቅሏል። ሰዓዳ ባሕር ዳር ገባች። ፊልሙ ከእኔው ጋር ነው፤ ከሳጥኑ ሥር ግን አይደለም፣ ከላይ ነው።