በአንድ አግዳሚ ሰባት

ግራዝማች ገብረ መድህንን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። ፈልጌ ቢሆን ኖሮ የተሻለ ቀን እመርጥ ነበር። የእረፍት ደወል ተደውሏል፣ ያለኝ አስራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ጠመኔ አልቆብኛል። ሀጂ ሁሴኖ ሱቅ ሮጥኩ። ግራዝማች ባንኮኒውን ተደግፈው ቆመዋል። በቅሏቸው ደጅ ታስራለች። ዝናቡ ካቆመ ሶስት ቀኑ ነው፤ የአሰላ ጭቃ ግን ገና አልሰማም።

ግራዝማች የትምህርት ቤታችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሀጂ ደግሞ አባል ናቸው። እኔ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። መቶ አስራ ስምንት ልጅ፣ አንድ ክፍል። በበቆጂ መንገድ ባለው የከተማው ሜዳ ላይ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ይሠራልን የሚለው ማመልከቻ ግራዝማች ኪስ ውስጥ ከተኛ ሁለት ሳምንት ሆነው። እስከ ቅዳሜ ካልፈረሙበት ተራው ለሁሩታ ከተማ ይሰጣል ተብሏል።

"ጤና ይስጥልኝ ግራዝማች። ፈረሙ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። አንቺስ?"

"ደህና ነኝ። ፈረሙ?"

"ትምህርት ቤት አለን አይደል እንዴ ልጄ? ሌላ ምን ያደርጋል?"

"ጠቧል።"

"ቤት አይጠብም፤ የሚጠበው ሰው ነው። እኔ ዘንድ ለሚካኤል ማኅበር ስንት ሰው ይመጣል? ስልሳ። ቆሞ የሄደ አለ? ጠጋ ጠጋ በሉ እላለሁ፣ ይጠጋሉ። አለቀ።"

"ማኅበርተኛው በልቶ ይሄዳል። የኔዎቹ እስከ ስድስት ሰዓት አሉ።"

"ልጅ ከሽማግሌ ያንሳል። ይብስ ይጠጋል።"

"የሚበላ እጅ ወደ አፍ ነው የሚሄደው ግራዝማች። የሚጽፍ እጅ ወደ ጎን ነው። ክርን ይፈልጋል።"

"ክርን!" ወደ ሀጂ ዞሩ። "ሰማህ ሁሴኖ? ለክርን ትምህርት ቤት ይሠራ ትላለች።"

ሀጂ ጠመኔውን በወረቀት እየጠቀለሉ፣ "እኔ ሰምቻለሁ። አንተ ነህ ያልሰማኸው" አሉ።

"ሜዳውስ? የገበያ ቀን በቅሎው፣ ፈረሱ የት ይታሰር?"

"ጠጋ ጠጋ አድርጎ ማሰር ነዋ" አልኩ።

"በቅሎ አትጠጋም! ትራገጣለች። በሁለት በቅሎ መሀል ሁለት እርምጃ መተው አለበት።"

ሀጂ ሳቃቸው መጣ። "ማሎ! ምነው ገብረ መድህን! ለበቅሎ ሁለት እርምጃ፣ ለልጅ አንድ ስንዝር!"

"ልጅ አይራገጥማ!"

"ይራገጣል" አልኩ።

ግራዝማች እጃቸውን አወዛወዙ። "ይሁን፣ ጠቧል እንበል። መላ አለኝ። ሴቶቹን ልጆች ከሰኞ ጀምሮ ቤታቸው አስቀሯቸው። ስንት ናቸው?"

"ሰላሳ አንድ።"

"ይኸው! ሰላሳ አንድ ቦታ ተገኘ፤ ያለ አናጢ፣ ያለ ቆርቆሮ። ለዲሬክተሩ ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል።"

ወሬውን ልጆቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። ከማን እንደወጣ አሁን አወቅኩ።

"ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ሴት ናት። የቶላ ልጅ፣ ጠይባ።"

"ብትወጣስ? ነገ ታገባ የለ?"

"ስታገባ ፊደሉ ይፋቅባታል?"

ግራዝማች ሳል ጀመሩ። የቀረኝ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይምጡ" አልኳቸው። "አንድ ጠዋት ከልጆቹ ጋር ይቀመጡ። ከዚያ ሴቶቹን ራስዎ ያሰናብቷቸው። እኔ አንድ ቃል አልተነፍስም።"

"እመጣለሁ! ጦር ሜዳ የዋልኩ ሰው አግዳሚ ላይ መዋል ሊያቅተኝ ነው?"

በማግስቱ መጡ፤ ጥቁር ካባ፣ ነጭ ሱሪ፣ እጃቸው ላይ ጭራ። ወንበሬን ሰጠኋቸው፣ "አልቀመጥም፣ እንደ ልጆቹ ነው የምሆነው" አሉ። ደግ አደረጉ። ወንበሬ ላይ ሁለት ልጅ ተቀምጦበት ነበር።

ሁለተኛው አግዳሚ ላይ አስገባኋቸው። አግዳሚው ሲሠራ ለአራት ልጅ ነው፤ እኛ ሰባት እናስቀምጥበታለን። ዳር ያለው ልጅ ሳይነገረው ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ለምዶታል። ጠረጴዛ የለም፤ የሚጻፈው ጭን ላይ ነው።

"አባባ፣ ጠጋ ይበሉ" አለቻቸው በግራቸው ያለችው ትንሽ ልጅ። ጠይባ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፣ የምታፍረው ሰው የለም።

"ተጠግቻለሁ እኮ!"

"እርስዎ ተጠግተዋል። ካባዎ አልተጠጋም።"

ካባቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አደረጉት። ወዲያው ሁለት ያረፈዱ ልጆች ገቡ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ጠጋ በሉ!" አለ። ሁሉም ተንሸራተተ። የግራዝማች ጉልበት ወደ ደረታቸው መጣ። ከኋላ ደግሞ አንዱ ወገባቸውን መታቸው።

"ማነው የሚራገጠው?"

ሁሉም ልጅ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። እኔም ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።

እኛ ክፍል የሚጻፈው በፈረቃ ነው። ከሰባቱ አንደኛው፣ ሶስተኛው፣ አምስተኛውና ሰባተኛው ሲጽፉ መሀል መሀል ያሉት እጃቸውን ያጣጥፋሉ። ሳጨበጭብ ይለዋወጣሉ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ዓመት ይውላሉ፤ የሚጽፉት ግን ስድስት ወር ነው። የቀረውን ተጣጥፈው ነው የሚጨርሱት።

ለግራዝማች ወረቀትና እርሳስ ሰጠኋቸው። "ስማችሁን ጻፉ" አልኩ። አራተኛ ናቸው፣ ማጣጠፍ ነበረባቸው። ሊቀ መንበር ግን አይጣጠፍም። የመጀመሪያዋን ፊደል ሳይጨርሱ ክርናቸው የጠይባን እጅ ገፋው። የጠይባ እርሳስ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ወጣና ነጩ ሱሪያቸው ላይ አረፈ።

"አባባ፣ ተራዎ አይደለም!"

ደብተሩን አዩት። "አበላሸሁብሽ?"

"ምንም አይደል። ከሰኞ ወዲያ አልጽፍበትም።"

"ለምን?"

"ሴቶቹ እንቀራለን አሉ። ግራዝማች ገብረ መድህን የሚባል ሰውዬ ነው ያዘዘው።"

ግራዝማች ካባቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ፣ "ምን ዓይነት ሰው ነው?" አሏት።

"አይቼው አላውቅም። ቤቱ በጣም ሰፊ ነው አሉ።"

እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን አጣጠፉ። ሳጨበጭብም አልፈቱት።

ለእረፍት ስንወጣ ሀጂ ሁሴኖ አጥሩን ተደግፈው አገኘናቸው።

"አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?" አሏቸው ግራዝማች።

"ሱቄን ዘግቼ አንተን ለማየት ነዋ።"

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። "ያቺ ልጅ የት ነው ቤቷ?"

"ከወንዙ ማዶ። ወንዙ በሞላ ቀን ከመንገድ ትመለሳለች። ሜዳው ያለው በእነሱ ወገን ነው። እዚያ ቢሠራ ከቤቷ ሆና ደወል ትሰማለች።"

"ለአንድ ልጅ?"

"ከመቶ አስራ ስምንቱ ስልሳው ከዚያ ነው የሚመጣው። እነሱ ቅርባቸው ይማራሉ፤ እዚህ የሚቀሩት ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጽፋሉ። ወንድ ለማስገባት ሴት ማስወጣት አይኖርም። መስከረም ላይ ቦታ የለም ብዬ የመለስኳቸውም ይገባሉ።"

"የመለስሻቸው አሉ እንዴ?"

"ሰባ ሁለት።"

"ሳይነገረኝ?"

"ስብሰባ ላይ ነግሬዎታለሁ። ጠጋ ጠጋ አድርጊያቸው አሉኝ።"

ግራዝማች መሬት መሬት አዩ። "በቅሎዎቹስ ግን..." አሉ፤ ድምፃቸው ግን የትናንቱ አይደለም።

"ከሜዳው በታች፣ ባህር ዛፉ ሥር ይታሰራሉ" አሉ ሀጂ። "ማሰሪያ ግንዱን እኔ አቀርባለሁ። በቅሎ ጥላ አትጠላም።"

ማመልከቻው ከኪስ ወጣ። ተጨማዷል። መፈረሚያ ጠረጴዛ ስለሌለ ሀጂ ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጡ። ግራዝማች ፈረሙ። ፈርመውም አላበቁ፤ መጻፍ ቀጠሉ።

"ምንድነው የምትጽፈው? ኮረኮርከኝ እኮ!"

"ዝም ብለህ ቁም። ሴቶች ልጆች ከሚማሩበት ማንም እንዳያስቀራቸው ብዬ እየጨመርኩ ነው። ለዲሬክተሩም ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሜን ለልጅቱ አትንገሪያት።"

አልነገርኳትም።

ኮሚቴ ላይ ያላችሁ ሁሉ ስሙ። ስለ ጠባብ ቤት ሰፊ ቤት ውስጥ ሆኖ መወሰን ቀላል ነው። ግራዝማች ክፉ ሰው አይደሉም፤ ተቀምጠው አላዩም ነበር፣ ይኸው ነው። ሁለት ሳምንት ያልፈታሁትን ክርክር አንድ አግዳሚ በአንድ ጠዋት ፈታው።

ሰኞ ሰላሳ አንዱም ሴቶች መጡ። በሚቀጥለው መስከረም አዲሱ ትምህርት ቤት ሜዳው ላይ ተከፈተ፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ስድስት ክፍል። እኔም ወደዚያ ተዛወርኩ። ክፍሌ ውስጥ ሃምሳ ሁለት ልጅ አለ፣ በአንድ አግዳሚ አራት። ጻፉ ስል ሃምሳ ሁለት እርሳስ አንድ ላይ ይንጫጫል፤ ከዚህ የበለጠ ዜማ አላውቅም። ያኔ ከወንዝ ማዶ ይመጡ የነበሩት አሁን እግራቸው ሳይርስ ይመጣሉ። ሰባ ሁለቱ ገብተዋል። ሰባ ሶስተኛም ቢመጣ ቦታ አለ። በገበያ ቀን በቅሎዎቹ ባህር ዛፉ ሥር ይቆማሉ፤ እስካሁን የተረገጠ ሰው የለም።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተ ቀን ግራዝማች ካባቸውን ለብሰው መጡ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ሊያስቀምጧቸው ሲጠሯቸው አልፈው ሄዱና ጠይባን ከሰልፍ ጠሯት።

"ያ ሰውዬ እኔ ነኝ" አሏት።

"የቱ?"

"ሴቶቹ ይቅሩ ያለው። በኋላ ደግሞ አይቅሩ ብዬ ፈርሜያለሁ።"

ከራሳቸው እስከ ጫማቸው አየቻቸው። "ታዲያ ያን ቀን እርስዎ መሆንዎን ለምን አልነገሩኝም?"

ግራዝማች ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ ዙሪያቸውን ቃኙ። ከዚያ ጎንበስ አሉላት።

"ፈራሁሽ" አሏት።